ኮምፕሊት የተባልኩበት ዒድ

ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሽንሌ ሄጄ ነበር። ከድሬዳዋ ቅርብ ነው፤ ሙቀቱ ግን ገና ከመኪና ሳይወርዱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጠሯችን ከሰዓት በኋላ ስለነበር ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አሮጌው ሐዲድ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀመጥን። እዚያ የሚቀዱት ሻይ የግመል ወተት የገባበት፣ ቅርንፉዱና ሄሉ የበዛ ነው፤ «ስኳሩን ቀንሱልኝ» ብትል እንኳ የሚሰማህ የለም። ብርጭቆውን ከንፈሬ ላይ እንዳደረግኩ ከጀርባዬ አንድ ሰው ጮኸ።

«ዋርያ፣ ኮምፕሊት!»

«ዋርያ» በሶማልኛ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት ነው። ኮምፕሊት ደግሞ እኔ ነኝ። ዞሬ ሳላይ ድምፁን አወቅኩት፤ ሊባን ነው፣ ጅጅጋ አብረን ያደግን ጓደኛዬ። ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተዛወረችው ባልደረባችን ሰናይት ግራ ቀኝ አየችና «ኮምፕሊት ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ሙቀቱ ነው ብላ እንድታስብልኝ በያዝኩት ወረቀት ራሴን አራገብኩ።

ሶማሌ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይራራም። ረጅም ከሆንክ «ዴሬ» ትባላለህ፤ ይኼ እንኳ ሙገሳ ነው። ብትንተባተብ፣ አንድ ዓይንህ ቢጠፋ፣ አንድ ቀን ከግመል ብትወድቅ በዚያው ትጠራለህ፤ ወልደህ፣ ከብደህ፣ ሐጂ ተብለህም ቢሆን አይቀርልህም። ክፋት የለበትም። ከኋላህ ከሚያሙህ ከፊትህ ቢጠሩህ ይሻላል የሚል ሕዝብ ነው። እኔ ግን ያደግኩት ነውር በነጠላ በሚሸፈንበት ቤት ነውና ስሙ በተጠራ ቁጥር ያ ዒድ ከነጭቃው ይመጣብኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አያቴ በወታደርነት ጅጅጋ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባቴ የቢሮ ጸሐፊ ነበር። እቤት አማርኛ፣ ከበር ውጭ ሶማልኛ እየተናገርን ነው ያደግነው። አንድ ዓመት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ኮሌጅ ሞክሬ ነበር። ትምህርቱ አልሆነልኝም፤ ስመለስ ግን ጠባብ ሱሪና ሁሉን አውቃለሁ ባይነት ይዤ ተመለስኩ። ሱሪው ቶሎ ተቀደደ።

ሊባን ጌም ቤት ነበረው። ጌም ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እናቱ ድሮ ጨርቅ ትሸጥበት የነበረ፣ ወደ መንገድ የተከፈተ የቆርቆሮ ክፍል ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና የእንጨት አግዳሚዎች። በሩ ላይ የእናቱ አሮጌ ሻሽ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ የጅጅጋ የከሰዓት ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሻሹ እየተነፋ በር አጠገብ የተቀመጠውን ልጅ ፊት ይሸፍነዋል። በዚያ ቤት የተሸነፈ ሁሉ በሻሹ ያመካኝ ነበር።

የሚወደደው ጨዋታ የድብድብ ጌም ነው። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተፋላሚ መርጠው በቡጢና በእርግጫ ይፋለማሉ። የቀረው ሰው ከኋላ ቆሞ ዳኛም፣ አሠልጣኝም፣ ተሳዳቢም ይሆናል። ያለን የጌሙ የመጀመሪያ እትም ነበር፤ ልጆቹ ሁሉንም ተፋላሚዎች በየጎረቤቱ ሰው ስም ሰይመዋቸው ጨርሰዋል። ከሁለቱ ጆይስቲኮች አንዱ ደህና ነው። ሌላው ግን የውስጥ ሽቦው ስለላላ ሊባን በክብሪት እንጨት ወጥሮ በፕላስተር ጠቅልሎታል። እሱን የያዘ ልጅ ቁልፉን ሲጫን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ተመሳስሎ የተሠራ ጆይስቲክ ደግሞ ገና እጅህ ሳይለምደው ይሞታል።

ሊባን አባቱ የሞተበት ገና ልጅ ሳለ ነው። የቤቱን ነገር የሚመራው የእናቱ ወንድም ነበር፤ በሶማልኛ የእናት ወንድም «አብቲ» ስለሚባል እኛም አብቲ ጉሌድ እንለው ነበር። ዱባይ እየተመላለሰ የሚነግድ፣ ሲያወራ ጣቱን እንደ ዳኛ የሚያነሳ ሰው ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለሊባን ቁርጡን ነግሮታል። «እስከ ዒድ ሞክር። ቤቱ ራሱን ከቻለ ያንተ ነው። ካልቻለ ሽንሌ ሄደህ የአባትህን ወንድም ሱቅ ታግዛለህ» ብሎታል። ሊባን በሽንሌ ላይ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ጅጅጋን ግን ይወዳል፤ ያችን ክፍል ደግሞ ከጅጅጋ አብልጦ ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ደጁን ውኃ ረጭቶ ሲጠርግ ያየው ሰው መስጊድ የሚጠርግ ይመስለዋል።

ችግሩ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት መከፈቱ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ያክላል። ልጆቻችን አንድ በአንድ አስፋልቱን መሻገር ጀመሩ። ዒድ ደግሞ ለጌም ቤት የመኸር ወቅት ነው፤ ልጁ ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ከዘመድ የተሰጠውን ኪሱ ከትቶ የሚወጣበት ቀን ነው። ያን ቀን ቤቱ ከሞላ ሊባን ይቀራል፤ ካልሞላ ይሄዳል። ይኼን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

በዚያ ሰሞን የምንጫወተው ጌም ሙሉው እትም መውጣቱ ጅጅጋ ተሰማ፤ በልጆቹ አፍ «ኮምፕሊት» ማለት ነው። ተጨማሪ ተፋላሚዎች አሉት፤ ከነሱ መካከል አንድ ጺሙ የቀላ፣ ረጅም ዱላ የያዘ ሽማግሌ አለ። ሥዕሉ በአንድ ስልክ ገብቶ ሰፈሩን ዞረ። ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ አረጋውያን በየጥላው በተቀመጡበት ከተማ ይህ ሰው ስም አላስፈለገውም፤ ልጆቹ ወዲያው «ኦዴይ» አሉት፣ የአገር ሽማግሌ። ፈረንጅ ወይ ጃፓን የሣለው ሰው የጅጅጋ ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ አለ። «ኦዴይ መቼ ነው የሚመጣው?» ሆነ ጥያቄው ሁሉ።

እኔ ኦዴይን አውቀው ነበር። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ቤት አንድ ከሰዓት ይዤው ተጫውቻለሁ፤ አሸንፌበታለሁም። ይህችን ታሪክ ሊባን ቤት ስንት ጊዜ እንደተረክኳት አላውቅም። በተተረከች ቁጥር የምጥለው ሰው ይበዛል። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ረመዳን ሲጋመስ አብቲ ጉሌድ ከዱባይ ደወለ። ለዒድ እመጣለሁ፣ ሻንጣዬ በሰው አደራ ሞልቷል፣ ላንተ የምይዝልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መርጠህ ንገረኝ አለው። ሊባን ወዲያው ሊያማክረኝ ወደኔ መጣ። ወይ ኮምፕሊቱ፣ ወይ አንድ ጥንድ ኦሪጅናል ጆይስቲክ።

ይህን ጉዳይ ከአፍጥር በኋላ፣ ሳምቡሳው በሚጠበስበት ማዕዘን ቆመን፣ ስንት ምሽት እንደተከራከርንበት! የዝናቡ ወቅት ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጆቹ እየተንሸራተቱ ሲያልፉ ጭቃው ሱሪያችን ላይ ይረጫል፤ እኛ ግን አንሰማም። ሊባን ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

«እኔ ጆይስቲኩ ይሻላል ባይ ነኝ» አለ አንድ ቀን።

«ጆይስቲክ ለማየት ከቤቱ የሚወጣ ልጅ አለ?» አልኩት። «ማዶ ያለው ሰውዬ ጆይስቲክ የለውም? ኦዴይ ግን የለውም። በጅጅጋ ኦዴይ ያለው ያንተ ቤት ብቻ ይሆናል።»

«ኦዴይ ቢመጣ በምን እንይዘዋለን?»

ሳቅኩበት። እውነቱን ለመናገር ምክሬ የተጣመመው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሊባን ቤት ሳስብ የሚታየኝ ቤቱ አልነበረም፤ የሚታየኝ እኔ ራሴ ነበርኩ፣ በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ከኋላዬ ልጅ ሁሉ ቆሞ፣ ባለቀይ ጺሙን ሽማግሌ እያዋጋሁ።

ውሳኔው የተሰጠው በሊባን እናት ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እናቱን ሁላችንም «ሆዮ» ነው የምንላት፤ እናት ማለት ነው። እኔ እንደ ቤቴ ልማድ አንቱ ስላት «ስንት ሰው ነኝ?» ብላ ስለምትስቅብኝ ትቼዋለሁ። ያን ዕለት የአብቲ ሚስት ወገኖችና ጎረቤቶች ለአፍጥር መጥተው፣ ተምሩ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተደላድሎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሆዮ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው። አብቲ የጌም ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነበር የደወለው።

«ሄኖክ እዚያ አለ?» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። «ሻጩ አንድ ነገር ይላል። ሲዲው ላይ ያለው አሮጌው ነው፤ አዲሶቹ ሰዎች በኢንተርኔት ነው የሚወርዱት፤ ከባድ ናቸው። መስመራችሁ ጠንካራ ካልሆነ ጆይስቲኩን ውሰድላቸው ይላል።»

ከኋላው የሻጩ ድምፅ ተሰማ፤ አብቲም እየሳቀ አስተላለፈልን። «ጅጅጋ የት ነው ይላል!»

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሳቁ። እኔን ግን ያቺ ቃል እንደ እሾህ ወጋችኝ። አዲስ አበባም እያለሁ እንዲሁ ይሉኝ ነበር፤ «ጅጅጋ? ግመል ነው የምትጋልቡት?» እያሉ። አፌን ከፈትኩ።

«ጅጅጋ እኮ ዩኒቨርሲቲ ያለው ከተማ ነው በለው! ኢንተርኔት እንደ ውኃ ነው በለው!»

ልብ በሉ፤ ይህን ያልኩት ውኃ ራሱ በአህያ ጋሪ ከሚመጣበት ሰፈር ተቀምጬ ነው። በስልኬ አንዲት ዘፈን ለማውረድ ጣሪያ ላይ የምወጣ ሰው ነኝ። ሻጩ የሚለው ነገር ገብቶኛል፤ አልገባኝም ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የለንም» ማለት ሞት መስሎ ታየኝ።

 አብቲ «ሊባን፣ አንተስ?» አለ።

ሊባን ስልኩን ሳይሆን እኔን አየኝ።  ፍሬውን ከተምሩ ቀስ ብሎ ለይቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«ሄኖክ ያለው ነው» አለ።

«ሄኖክ የተማረ ልጅ ነው» አለች ሆዮ፤ ስልኩም ተዘጋ።

አብቲ ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው በሐርጌሳ አድርጎ በውጫሌ ድንበር በኩል ገባ። ኮምፕሊቱን ከሻንጣው ሲያወጣው ሽፋኑ ላይ ኦዴይ ዱላውን አንስቶ ቆሟል። ልጆቹ ሽፋኑን እየተቀባበሉ በጣታቸው ዳሰሱት። እኔም በየመንገዱ «በዒድ ቀን ኦዴይ ይገባል» እያልኩ አወጅኩ።

ማሽኑ ውስጥ ስንከተው ተከፈተ። የድሮዎቹ ተፋላሚዎች በየቦታቸው አሉ፤ የአዲሶቹ ፊት ላይ ግን የተቆለፈ የቁልፍ ሥዕል ተለጥፏል። የስልኬን መስመር አገናኝተን ማውረድ ጀመርን። ማውረጃው ላይ ያለችው መስመር ፈቀቅ አልልም አለች። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዤ ቆምኩ፤ ሊባን ከታች «አሁን ተንቀሳቀሰች... የለም፣ ቆማለች» ይላል። ሆዮ ወጥታ አየችኝና «ልጁ ጨረቃ እየፈለገ ነው እንዴ? እሷ እንኳ ነገ ነው የምትታየው» አለች።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ትዝ አለኝ። ማሽኑን በሆዮ ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እኔ እንደ ሕፃን ታቅፌው በባጃጅ ሄድን። የበሩ ጥበቃ አዛውንት ናቸው፤ ብርድ ልብሱን አይተው «የታመመ ልጅ ነው?» አሉ በሐዘኔታ። ገልጬ ሳሳያቸው ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ነገ ዒድ ነው፤ ውስጥ ማንም የለም። ደግሞስ አንተ የዚህ ተማሪ ነህ?»

አይደለሁም። ይህንንም ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ብርድ ልብሱን መልሼ ሸፈንኩ። በመልሱ መንገድ ሊባን አንድም ቃል አልወቀሰኝም። የባጃጁን ሾፌር ስለ ዝናቡ ሲያወራው ሰማሁ።

የዒድ ዕለት ሶላት ተሰግዶ ሰዉ ከሜዳ ሲመለስ ጅጅጋ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ሽቶው፣ አዲሱ ጨርቅ፣ ከየግቢው የሚወጣው የሩዝ ቅመም ሽታ ሌሊት የዘነበውን ጭቃ እንኳ ያስረሳል። እኔ ስደርስ የሊባን ቤት ሻሹ እስኪቀደድ ሞልቷል። አስፋልቱን ተሻግረው የነበሩት ልጆች ሁሉ ገና ከጠዋቱ ተመልሰዋል። ሊባን ጌሙን ከፈተ።  ከፊት የተቀመጠ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ አንድ ልጅ የቁልፉን ሥዕል በጣቱ ነካና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ኦዴይ ታስሯል!» አለ።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሊባንም አብሮ ሳቀና «በዋስ እናስወጣዋለን፤ እስከዚያ በድሮዎቹ እንጫወት» አላቸው። ልጅ በዒድ ቀን ደግ ነው፤ እሺ አሉ። ቤቱ ሞቅ አለ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ብዙም ሳይቆይ ያ በፕላስተር የተጠቀለለው ጆይስቲክ ጨዋታው ያሞቀው አንድ ልጅ እጅ ውስጥ ቀጭ አለ። ሊባን ፈታው፣ ነፋበት፣ በምላሱ ሽቦውን ነካው፣ አዲስ የክብሪት እንጨት አስገባ። አልተነሳም።

ድብድብ በአንድ ጆይስቲክ አይሆንም። አንዱ ተፋላሚ እጁን አንጠልጥሎ ይቆማል፤ ሌላው ይቀጠቅጠዋል። ልጆቹ ትንሽ አዩ። ቀጥሎ አዲስ ጫማቸውን ከጭቃው እየጠበቁ፣ በየሁለቱ በየሦስቱ፣ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ነጭ ቆብ ያደረገው ልጅ በመጨረሻ ሲወጣ በጨዋ ደንብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኮምፕሊት፣ ዒድ ሙባረክ» አለኝ። ያልወጡት ሁሉ ፈነዱ። በዚያች ቅጽበት የክርስትና ስሜን ያጣሁ ያህል ነው።

ሊባን ባዶውን አግዳሚ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። አቧራ አልነበረበትም። እኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ ለማለት እንኳ አፌ እምቢ አለኝ፤ ያን ያህል ሲፎክር የነበረ አፍ። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እናቴ «ዒድ አይደለም እንዴ? ለምን እነሆዮ ቤት አልሄድክም?» ብትለኝ ራሴን አመመኝ አልኳት።

ሊባን ራሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ «ሆዮ ድስትህ እየቀዘቀዘ ነው ትላለች» አለኝ።

ስለዚህ ድስት መናገር አለብኝ። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፤ እነሱም የክርስቲያን አይበሉም፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። ሆዮ ግን በየዒዱ ለኔ ብቻ የምትሠራበት ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ትንሽ ድስት አላት። ሩዙን በዘይት፣ በድንችና በዘቢብ ለብቻ ትሠራልኛለች፤ ከላዩ ላይ ሙዝ ታደርግበታለች። ያን ዕለትም የልጇ ቤት ባዶ መቅረቱን ከማድቤት ሆና እየሰማች ያን ድስት ጥዳ ነበር።

ሄጄ ተቀመጥኩ። አብቲ ጉሌድ ከፊቴ ነው። እጁን ታጥቦ ጣቱን አነሳ።

«ሄኖክ፣ ኢንተርኔቱ እንደ ውኃ ነው አላልክም?»

ሊባን ቀደመኝ። «አብቲ፣ ጆይስቲኩን በደንብ ያልጠገንኩት እኔ ነኝ። እሱ ቢሠራ ቤቱ አይበተንም ነበር።»

«እንግዲያው ሽንሌ» አለ አብቲ፤ በቁጣ አልነበረም።

«ሽንሌ» አለ ሊባን።

ሆዮ ሙዙን ወደኔ ገፋችልኝ። «ብላ እንጂ፣ ምነው አልጣፈጠም?» አለች። ጣፍጧል። እንባዬ እንዳይታይ ግን ቃሪያውን ነከስኩ። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ እችለው ነበር። ያን ዝምታና ያን ዘቢብ ግን አልቻልኩትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው በዚያ ቀን ነው የገባኝ።

ዝናቡ ሲያበቃ ሊባን ሄደ። ጠዋት በሚኒባስ እስከ ድሬዳዋ ነው የሚሄደው። ልሸኘው ብዬ ባቢሌ ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ሚኒባሱ ለለውዝ ሲቆም ወርጄ አንድ ጥቅል ትኩስ ለውዝ ገዝቼ በመስኮት ሰጠሁት። የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባውን ሲያሰማ «ሞቅ ሳይል ብላው» ብቻ አልኩ። ትኩስ ለውዝ «ሞቅ ሳይል» ይባላል? እሱ ግን «እሺ» አለኝ።

ባለፈው ወር ያን ዕለት ሽንሌ፣ ሊባን ከሻይ ቤቱ እጄን ይዞ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። አሁን ሱቁ የራሱ ነው፤ አጎቱ አርጅተው ለሱ ለቀውለታል። ወፍሯል። እኔ ደግሞ ፀጉሬ ከፊት ሸሽቷል፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ፣ ሁለቱም ደርሰውብኛል። ከስኳሩና ከፓስታው ካርቶን ጀርባ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል አለችው። ቴሌቪዥን፣ ማሽን፣ ሁለት ደህና ጆይስቲክ። ሱቁን ሲዘጋ ማታ ማታ ብቻውን እንደሚጫወት ነገረኝ። ያንኑ ጌም ከፈተው፤ ያንኑ ኮምፕሊት። ቁልፎቹ ሁሉ ተነስተዋል።

«ኦዴይን ውሰድ» አለኝ።

ወሰድኩት። ስንት ዓመት ያፈርኩበት ሽማግሌ ዱላውን እስኪያነሳ ድረስ ሊባን ሦስቴ ይመታኛል። ይዞርና ያስላል፤ በእውነት ያስላል። ዞሮ ለመምታት ሲዘጋጅ መሬት ላይ ነው።

«ማንም አይመርጠውም» አለ ሊባን እየሳቀ። «ለመልኩ ነው የሠሩት።»

ጆይስቲኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ያኔ ባቢሌ ላይ ያልወጣልኝ ነገር ወጣልኝ፤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥዬም «ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል» አልኩት። «እንዴት አመንከኝ? ኢንተርኔት እንደ ውኃ ነው ስል።»

ሊባን ከልቡ ግራ ተጋባ።

«ማነው ያመነህ?» አለ። «እኔ ጅጅጋ አልኖርም? መስመሩን አላውቀውም?»

«ታዲያ ለምን ሄኖክ ያለው ነው አልክ?»

«አብቲ እየሰማ፣ ሆዮ እየሰማች፣ የሰው ሰው ቤት ሞልቶ... ምን ልበል? ሄኖክ ዋሸ ልበል?» ትከሻውን ነቀነቀ። «የቤታችን ሰው ነህ። ድስት ያለህ ሰው ነህ እኮ።»

ይህን ብሎ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ፤ ለሱ ነገሩ ያለቀ ነው። እኔ ግን ከዚያች ክፍል እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሊባን የዋህ ስለሆነ ያመነኝ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም፣ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ለየዋህነቱ አዝንለት ነበር። ያን ምሽት ያቺን የተምር ፍሬ ሳህኑ ጠርዝ ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ በቆየባት ጊዜ ውስጥ የሱን ቤትና የኔን ፊት አመዛዝኖ የኔን ፊት መርጧል። እኔ ከአንድ ከማላውቀው የዱባይ ሻጭ ፊት ላለማፈር ስል የሱን ኑሮ ሰጠሁ፤ እሱ እኔ እንዳላፍር ሲል ሰጠ። ያፈርኩበት ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ገና ግማሹ ብቻ ነበር።

ኮምፕሊቱ ያን ሁሉ ዋጋ ይገባው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አይገባውም ነበር። ጆይስቲኩ ይሻል ነበር፤ ሊባን በጭቃው ላይ ቆሞ እንደነገረኝ።

ከሱቁ ስንወጣ ባልደረቦቼ መኪናው ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ሰናይት ሰዓቷን አይታ እጇን አወዛወዘችልኝ። ስሜን ታውቃለች፤ ጠዋት የሰማችው ግን አፏ ላይ ቀርቷል።

«ኮምፕሊት! ቀጠሮው ደርሷል እኮ!»

ሊባን ተደናግጦ አየኝ፤ የተቀየምኩ መስሎት ነው።

«አቤት» አልኳት።